ያልጨረሱት ፈረሶች የሚናገሩት፦ ከረጅም ርቀት ግልቢያ ትርጉም ያለው መረጃ እንዴት ይሰበሰባል?

በረጅም ርቀት የፈረስ ግልቢያ ውድድር ማን ቀድሞ ገባ የሚለውን ለመመለስ አንድ ሰዓት ያዥ ይበቃል። ስንት ፈረስ ተነሥቶ ስንቱ በጤና ደረሰ፣ ያልደረሰውስ የት ቦታና በምን ምክንያት ቀረ የሚለውን ለመመለስ ግን በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ያስፈልጋል። ስፖርቱ በዘመናዊ መልኩ ከተጀመረ 70 ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት የፈረሶችን ሕይወት የታደገው እውቀት በአብዛኛው የተገኘው ካልጨረሱት ፈረሶች መዝገብ ነው።

ጉዳዩ ለፈረስ ወዳዱ የሀገራችን ሕዝብም እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች እንዳሏት ይገመታል፤ በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደርም በፈረሰኞቹ የታወቀ ነው። በሌላው ዓለም ፈረስን በረጅም መንገድ የሚፈትኑ ሰዎች መረጃን እንዴት እንደሚሰበስቡና እንደሚመድቡ ማወቅ፣ ፈረሱን ለሚወድ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው።

የውድድሩ ባሕርይ

የረጅም ርቀት ግልቢያ ከሜዳ ሽቅድምድም የተለየ ነው። አንድ ፈረስና አንድ ፈረሰኛ በአንድ ቀን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት፣ ድንጋይና አሸዋ፣ ወንዝና ጫካ ሊኖርበት ይችላል። በዘመናዊ መልኩ የቆየው ታዋቂው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተጀመረው የቴቪስ ዋንጫ ነው። ዌንዴል ሮቢ የተባለ ሰው ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር የሴራ ኔቫዳን ተራሮች አቋርጦ 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ ቀን በፈረስ መጓዝ እንደሚቻል ለማሳየት ተነሣ፤ ተሳካለትም። ዛሬም ተወዳዳሪዎች ያንኑ ርቀት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጨርሱ ይጠበቃል። ከሚነሡት ፈረሶች በአማካይ ግማሽ ያህሉ መጨረሻው ላይ አይደርሱም።

ፈረሶቹ የሚቀሩት በድካም ተዘርረው ብቻ አይደለም። መንገዱ በየመካከሉ የእንስሳት ሐኪሞች በሚቆሙባቸው የፍተሻ ጣቢያዎች ይከፋፈላል። ፈረሱ ጣቢያው ሲደርስ የልብ ምቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ ተፈቀደው መጠን መውረድ አለበት። ጤናማ ፈረስ ሲያርፍ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በግልቢያ ላይ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድሮች የተለመደው መለኪያ፣ ፈረሱ ከገባ በ15 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ ወደ 64 እንዲወርድ የሚጠይቅ ነው። ሐኪሙ በተጨማሪ የድዱን ቀለም ያያል፤ ቆዳውን ቆንጥጦ በመልቀቅ ውኃ ማጣቱን ይመረምራል፤ የአንጀቱን ድምፅ ያዳምጣል፤ ከዚያም ፈረሱ በሶምሶማ ሲሮጥ አካሄዱን ይመለከታል። ያነከሰ ወይም ሰውነቱ ያላገገመ ፈረስ ፈረሰኛው ቢፈልግም ባይፈልግም ይሰናበታል። በመጨረሻው መሥመር ቀድሞ የገባ ፈረስ እንኳ የማጠቃለያውን ፍተሻ ካላለፈ ውጤቱ አይቆጠርለትም።

ይህ አሠራር ፈረሱን ከመጠበቁም በላይ ሳይታሰብ ትልቅ ሀብት አስገኝቷል። እያንዳንዱ ጣቢያ በፈረሱ ካርድ ላይ ሰዓት፣ የልብ ምትና የሐኪም አስተያየት ይጽፋል። በሺህ የሚቆጠሩ ካርዶች ሲሰባሰቡ የፈረስ አካል ከየት እስከ የት እንደሚችል የሚናገር መዝገብ ይሆናሉ።

መጀመሪያ ፈረሱን መለየት

መረጃ ዋጋ የሚኖረው አንዱ ፈረስ ከሌላው ሳይምታታ ሲመዘገብ ነው። በሀገራችን ፈረስ በመልኩ ይጠራል፤ ቦራ፣ ዳማ፣ አምባላይ፣ መጋላ ይባላል። ለባለቤቱና ለጎረቤቱ ይህ በቂ ነው። በአንድ መዝገብ ላይ ሃያ ዳማዎች ቢሰፍሩ ግን ባለፈው ዓመት ያነከሰው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። በዓለም አቀፍ ውድድር እያንዳንዱ ፈረስ መለያ ቁጥርና መልኩ የተገለጸበት ፓስፖርት አለው፤ ከቆዳው ሥር በምትቀበር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መለያም ማንነቱ ይረጋገጣል። ፈረሱ ቢሸጥ፣ ስሙ ቢለወጥ፣ ሀገር ቢቀይር ታሪኩ አብሮት ይሄዳል።

የአሜሪካ የረጅም ርቀት ግልቢያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመሠረተ ወዲህ ፈረሶችና ፈረሰኞች በዕድሜ ዘመናቸው የሸፈኑትን ርቀት እየደመረ ሲመዘግብ ኖሯል። ለ10 ዓመታት አብረው ለዘለቁ ፈረስና ፈረሰኛም የተለየ እውቅና ይሰጣል። ይህ እውቅና ከመዝገቡ አያያዝ ጋር የተያያዘ ነው። የአንድ ቀን ፍጥነት የፈረሱን ጉልበት ያሳያል፤ የአሥር ዓመት መዝገብ ግን የባለቤቱን አያያዝ፣ የመኖውን፣ የኮቴውንና የዕረፍቱን ሁኔታ ጭምር ይናገራል።

«አልጨረሰም» ብሎ መጻፍ አይበቃም

ብዙ ጀማሪ አዘጋጆች ከስማቸው ትይዩ «ጨረሰ» ወይም «አልጨረሰም» ብለው ይጽፋሉ። እንዲህ ያለው መዝገብ ለሽልማት ይበቃል፤ ለትምህርት ግን አይበቃም። በግራ የፊት እግሩ ያነከሰ፣ ልቡ ወደ ልኩ አልመለስ ያለ፣ የተሰጠውን ሰዓት ያሳለፈና መንገድ የሳተ ፈረስ ሁሉም «አልጨረሰም» በሚለው ቃል ሥር ይወድቃሉ። መንስኤያቸው ግን የተለያየ ነው፤ መፍትሔያቸውም እንዲሁ። ያነከሰው የኮቴ፣ የመሬት ወይም የፍጥነት ጉዳይ ሊኖርበት ይችላል። ልቡ ያልተመለሰው የሙቀት፣ የውኃና የጨው እጥረት ወይም የልምምድ ማነስ ይዞት ሊሆን ይችላል። መንገድ የሳተው ደግሞ የፈረሱ ሳይሆን የምልክት አተካከል ጉድለት ነው።

ስለዚህ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የስንብት ምክንያቶችን ለያይቶ ያስመዘግባል። የአካሄድ መዛባት ለብቻው፣ የሰውነት ፈሳሽና የንጥረ ነገር ሚዛን መዛባት ለብቻው፣ ቀላል ጉዳት ለብቻው፣ ከባድና ለሞት የሚያደርስ ጉዳትም ለብቻው ይጻፋል። ፈረሰኛው በራሱ ፈቃድ ማቋረጡም የራሱ ምድብ አለው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ትኩረት ይሻል። አስተዋይ ፈረሰኛ ፈረሱ ከመታመሙ በፊት ሊያቆም ይችላል፤ ሌላው ደግሞ የሐኪሙን ስንብት ለመሸሽ «በራሴ አቆምኩ» ሊል ይችላል። በፈቃድ ያቋረጠ ፈረስም በሐኪም ታይቶ ሁኔታው ካልተመዘገበ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ምክንያቶቹ ተለይተው ሲሰፍሩ ሥዕሉ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በ9 ሀገራት የተካሄዱ ታላላቅ ውድድሮችን መርምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመ ጥናት ከ4 ሺህ በላይ የፈረስ ተሳትፎዎችን አካቷል። ከተነሡት ፈረሶች የጨረሱት ከግማሽ በታች ነበሩ። ከተሰናበቱት መካከል አብዛኞቹ የቀሩት በማነከስ ሲሆን፣ የሰውነት ሚዛን መዛባት በርቀት ተከትሎ በሁለተኛ ደረጃ ይገኛል። የሰው ዓይን የሚያስታውሰው መንገድ ላይ ወድቆ ጉልኮስ የሚሰጠውን ፈረስ ነው፤ መዝገቡ ግን ትልቁ ችግር ያለው እግር ላይ መሆኑን ይናገራል።

ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ማወዳደር

መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ አመዳደቡ ካልሰመረ ያሳስታል። ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት የውድድር ቦታዎች አሉ እንበል፤ በእያንዳንዳቸው 100 ፈረሶች ተነሥተዋል። በመጀመሪያው ቦታ 74 ፈረሶች ሲጨርሱ በሁለተኛው 61 ጨረሱ። ይህን ብቻ የሚያይ ሰው የመጀመሪያው ለፈረስ የተሻለ ቦታ ነው ብሎ ይፈርዳል።

አሁን ፈረሶቹን በርቀት እንመድባቸው። በመጀመሪያው ቦታ 80ዎቹ የተነሡት ለአጭር ርቀት ነበር፤ ከእነርሱ 64ቱ ጨረሱ፤ ይህም ከመቶ 80 ነው። ለረጅም ርቀት ከተነሡት 20 ደግሞ 10ሩ ጨረሱ፤ ከመቶ 50 ማለት ነው። በሁለተኛው ቦታ ለአጭር ርቀት የተነሡት 20 ብቻ ሲሆኑ 17ቱ ጨርሰዋል፤ ከመቶ 85 ነው። ለረጅሙ ከተነሡት 80 መካከል ደግሞ 44ቱ፣ ማለትም ከመቶ 55ቱ፣ ጨርሰዋል። በአጭሩም በረጅሙም ርቀት የተሻለው ሁለተኛው ቦታ ነው። በጥቅሉ ዝቅ ብሎ የታየው ከባዱን መንገድ የመረጡ ፈረሶች ስለበዙበት ብቻ ነው። ያለ ምድብ የቀረበ ድምር ትጉሁን አዘጋጅ አስወቅሶ ሰነፉን ሊያስመሰግን ይችላል።

ከርቀት በተጨማሪ መመደቢያ የሚሆኑ ሌሎች ጉዳዮችም አሉ። አንዱ የፈረሱ ዕድሜ ነው። በአሜሪካው ማኅበር ደንብ 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ለሚጓዝ ውድድር የሚነሣ ፈረስ ቢያንስ 5 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ አጥንቱና ጅማቱ ሳይጠና ረጅም መንገድ እንዳይሰብረው ነው። ሌላው የሚሸከመው ክብደት ነው። ፈረሰኛው ከኮርቻው ጋር ተመዝኖ በክብደት ምድብ ይገባል። ሦስተኛው የመሬቱ ጠባይ ነው። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት በተስተካከለ የአሸዋ ጎዳና ላይ ፈረሶች በሰዓት በአማካይ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጋልቡ ይታያል። በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ይህ የማይታሰብ ነው። ሁለቱን በፍጥነት አሰልፎ ማወዳደር የቆላ ማሽላንና የደጋ ገብስን በአንድ የምርት ሰንጠረዥ ላይ እንደ ማፎካከር ይቆጠራል።

የፍጥነት አሰላልም ራሱ ወጥ መሆን አለበት። አንድ ፈረስ 160 ኪሎ ሜትር በ12 ሰዓት ቢጨርስና ከዚህ ውስጥ 3 ሰዓት በጣቢያዎች ቢያርፍ፣ ዕረፍቱ ሲደመር ፍጥነቱ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ዕረፍቱ ሲቀነስ ግን ወደ 18 ይጠጋል። አንዱ መዝገብ በመጀመሪያው፣ ሌላው በሁለተኛው ስሌት ከተጻፈ ሁለቱን ማቀላቀል ያሳስታል።

ሙቀቱና እርጥበቱም ይጻፍ

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአየሩ ሁኔታ ነው። ፈረስ ሙቀቱን የሚያስወግደው በዋናነት በላብ ነው። አየሩ ሞቃት ብቻ ሳይሆን እርጥበት ያዘለ ሲሆን ላቡ አይተንም፤ የፈረሱ ሰውነትም ይግላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በአሜሪካ ትራይን ከተማ በተካሄደው የዓለም የፈረስ ስፖርት ውድድር የረጅም ርቀቱ ግልቢያ ከተጀመረ በኋላ በሙቀቱና በእርጥበቱ ብዛት ምክንያት ተሰርዟል። ከዓለም ዙሪያ የመጡ ምርጥ ፈረሶች የተሰለፉበት መድረክ ነበር።

የሙቀትና የእርጥበት ልክ በየሰዓቱ ካልተመዘገበ እንዲህ ያለው ቀን «ደካማ ፈረሶች የበዙበት ዓመት» ተብሎ በመዝገብ ሊቀር ይችላል። ከተመዘገበ ግን ለቀጣዩ አዘጋጅ መቼ መዘግየት፣ መቼ ማሳጠር፣ መቼስ መሰረዝ እንዳለበት ይጠቁመዋል። ከፍታም እንዲሁ ነው። አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ያደገ ፈረስና ከቆላ የመጣ ፈረስ በአንድ አቀበት ላይ ልባቸው እኩል አይመታም።

መዝገቡ ወደ ደንብ ሲለወጥ

የመረጃ ጥቅም የሚለካው በሚያስከትለው ለውጥ ነው። በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት የፈረሶችን ፍጥነትና የልብ ማገገሚያ ጊዜ ከየጣቢያው ሰብስቦ ተንትኗል። በአንድ ዙር በጣም የፈጠነና በጣቢያው ልቡ ለመመለስ የዘገየ ፈረስ በሚቀጥለው ጣቢያ የመሰናበት ዕድሉ ከፍ ይላል። ፈረሱ ፍተሻውን ቢያልፍም የዘገየባቸው ደቂቃዎች ማስጠንቀቂያ ናቸው። ስለዚህም «አለፈ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «በስንት ደቂቃ አለፈ» ብሎ መጻፍ ይበልጣል።

በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጋር በመተባበር የብዙ ዓመታት የውድድር መዝገብ መርምረዋል። ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሁለት ውድድሮች መካከል ያለ አጭር ዕረፍትና የቀደመ ስንብት ለጉዳት ከሚያጋልጡ ምክንያቶች መካከል ሆነው ተገኝተዋል። ዛሬ ፌዴሬሽኑ እያንዳንዱ ፈረስ ከውድድር በኋላ የግድ የሚያርፍባቸውን ቀናት ይወስናል፤ የቀኖቹ ብዛትም እንደ ርቀቱና እንደ ስንብቱ ምክንያት ይለያያል። ተደጋጋሚ ስንብት የደረሰበት ፈረስ ረዘም ላለ ጊዜ ያርፋል። ፈረሱ በመለያ ቁጥሩ ካልተመዘገበ ይህን ደንብ ማስከበር አይቻልም ነበር።

ለውጡ ያለ ሥቃይ አልመጣም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውድድሮች በፍጥነታቸውና በሚደርሱባቸው የፈረስ ጉዳቶች ለዓመታት ሲወቀሱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሀገሪቱን ብሔራዊ ፌዴሬሽን በፈረሶች ደኅንነት ጉዳይ አግዶት ነበር። በዚያችው ሀገር፣ በአቡዳቢ የሚገኘው የቡዚብ የውድድር ስፍራ በበኩሉ ሌላ መንገድ መረጠ። ፍጥነት በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ገደበ፤ በጣቢያ የሚፈቀደውንም የልብ ምት ወደ 56 ዝቅ አደረገ። ሽልማቱንም ቀድሞ ከመግባት ይልቅ ፈረሱ በመልካም ሁኔታ ላይ ከመገኘቱ ጋር አያያዘ።

ይህ ሐሳብ በአሜሪካ ቀደም ሲልም የታወቀ ነው። በቴቪስ ውድድር ከመጀመሪያዎቹ 10 ገቢዎች መካከል በሐኪሞች እይታ እጅግ መልካም ሁኔታ ላይ የሚገኘው ፈረስ ሀጊን የተባለውን ዋንጫ ይወስዳል። ለብዙ ፈረሰኞች ይህ ዋንጫ ከአንደኛነት አያንስም። አንድ ስፖርት የሚሸልመውን ነገር ይለካል፤ የሚለካውንም ነገር ፈረሰኛው ይንከባከባል።

ለአገው ፈረሰኞች ምን ይበጃል?

በአዊ የሚታየው ግልቢያ ከዚህ ስፖርት ጋር አንድ አይደለም። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀንም በእንጅባራ በድምቀት ያከብራል። በዓሉ የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን የሚዘክር ነው። ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ የሚታይበት የክብር ቀን እንጂ የ160 ኪሎ ሜትር ፈተና አይደለም። ሆኖም ከየወረዳው ወደ እንጅባራ የሚመጣው ፈረስ ለትርዒቱ ከመሰለፉ በፊት ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚደርሰው፤ ከበዓሉ በኋላም ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ያ ፈረስ በማግሥቱ ጭነት የሚጠብቀው፣ ለገበያና ለሠርግ የሚፈለግ የቤተሰብ ሀብት ነው። ቢያነክስ ጉዳቱ ከበዓሉ ሜዳ ይልቅ በባለቤቱ ጓሮ ይሰማል።

እንዲህ ያለውን ጉዳት ለመቀነስ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ አንድ ሰዓትና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዓይን ለመጀመር ይበቃሉ። በደብተሩ ላይ የፈረሱ መለያ ቁጥር፣ መልኩ፣ ዕድሜው፣ የመጣበት ቀበሌና የተጓዘው ርቀት ይሰፍራል። ሲደርስ የልብ ምቱ በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ፣ አካሄዱ ደህና መሆኑ፣ በጀርባው ላይ የኮርቻ ቁስል መኖሩና የኮቴው ሁኔታ ይታከላል። የልብ ምትን ለመቁጠር በግራ ክንዱ ሥር፣ ከክርኑ ኋላ፣ ማዳመጫ ማስጠጋት ወይም በመንጋጋው ሥር የሚያልፈውን የደም ሥር በጣት መዳሰስ ይቻላል። በ15 ሰከንድ የተቆጠረው በ4 ሲባዛ የአንድ ደቂቃው ይገኛል።

ደብተሩ ለሦስትና ለአራት ዓመታት በአንድ ዓይነት ቅጽ ከተያዘ ጥያቄዎችን መመለስ ይጀምራል። የኮርቻ ቁስል የሚበዛው በየትኛው የኮርቻ ዓይነት ነው? የሚያነክሱት ከድንጋያማው መንገድ የሚመጡት ናቸው ወይስ ኮቴያቸው ያልተከረከመው? ወጣት ፈረሶች ከጎለመሱት ይልቅ ይጎዳሉ? መልሱ የሚገኘው ፈረሶቹ በርቀት፣ በዕድሜና በመንገድ ተመድበው ሲታዩ ብቻ ነው። የታመመውና ከመንገድ የተመለሰው ፈረስ ከመዝገብ ከተዘለለ ደግሞ ደብተሩ ሁሉም ደህና ነበር ብሎ ይዋሻል።

ቅጹ አጭር መሆን አለበት፤ የማይሞላ ረጅም ቅጽ ከሌለ ቅጽ አይሻልም። ለሁሉም ቦታ ተመሳሳይ መሆን አለበት፤ አንዱ ወረዳ በኪሎ ሜትር፣ ሌላው በሰዓት መንገድ ከለካ ድምሩ አይገጥምም። ከሁሉ በላይ ግን ባለፈረሱ የጻፈው መረጃ ለእርሱ ሊመለስለት ይገባል። ፈረሱ አነከሰ ብሎ በቅንነት ያስመዘገበ ሰው ወቀሳ ሳይሆን ምክር ካገኘ፣ በሚቀጥለው ዓመትም እውነቱን ይናገራል። በመዝገቡ የሚያፍር ወይም የሚቀጣ ከሆነ ግን በቀጣዩ ጥር 23 ያነከሰውን ፈረሱን ከቤት ትቶ ይመጣል፤ ደብተሩም ያን ፈረስ ዳግም አያውቀውም።